ከግብር እስከ ሒሳብ

በአማርኛችን ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ባንድ አንገት የተሸከሙ ቃላት ጥቂት ናቸው። «ግብር» ከነዚያ አንዱ ነው። ገበሬው ከጎተራውና ከበረቱ ቀንሶ ለገዢው የሚያስረክበው ግብር ይባላል፤ ገዢው ለመኳንንቱና ለጭፍራው የሚያበላው ታላቅ ግብዣም ግብር ይባላል። «ግብር ገበረ» ስንል ከፈለ ማለታችን ነው፤ «ግብር በላ» ስንል ደግሞ ተጋበዘ ማለታችን ነው። ተማሪ ሳለሁ በደብተሬ ጠርዝ ላይ እንዲህ ብዬ ጽፌ ነበር፦

አንዱ ግብር ከፍሎ ባዶ ቤት ሲገባ፣
አንዱ ግብር በልቶ ወጣ በጭብጨባ።

ስንኟ እንደ ግጥም ብዙ አትራመድም። ጥያቄዋ ግን እስከ ዛሬ አልተወኝም። በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጦ የሚውል ሰው፣ ማንኛውንም ድግስ ሲያይ ወይም ሲያነብ «ወጪው ከማን ሒሳብ ላይ ተቀነሰ?» ብሎ መጠየቅ ልማዱ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ ስለ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ስጽፍ፣ ስለ ውጫሌ ውል ክርክርና ስለ አድዋ ጀግንነታቸው ብዙ ስለተባለ ያንን ለታሪክ ሊቃውንቱ ትቼ፣ ስለ ወጥ ቤታቸውና ስለ ሆቴላቸው ልናገር። እኒህ ሴት ከንግሥትነታቸው ሌላ፣ በአገራችን ታሪክ ስማቸው በግልጽ ከተመዘገበ የወጥ ቤት አዋቂዎችና የምግብ ቤት ባለቤቶች ቀዳሚዋ ናቸውና።

ጣይቱ የተወለዱት በ1840ዎቹ ነው። በአባታቸው የሰሜን መሳፍንት ዘር ነበሩ፤ የደጃዝማች ውቤ የወንድም ልጅ። ያደጉትም በበጌምድር ነው። ግእዝ ያውቁ ነበር፤ በገና ይደረድሩ ነበር፤ ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። ይህን ሁሉ ታሪክ ጸሐፊዎቹ አይዘነጉትም። ከዚህ እኩል የሚመዝነውን ግን በጨረፍታ ያልፉታል። ጎንደር ሁለት መቶ ዓመት ያህል የነገሥታት መቀመጫ የነበረች ከተማ ናት። ቤተ መንግሥት ባለበት የወጥ ቤት ሙያ ይረቃል። የዶሮ አሥራ ሁለት ብልት በሥርዓት መለየቱ፣ የሽንኩርቱ ቁሌት በዝግታ መብሰሉ፣ የቅቤው አነጣጠርና የቅመሙ ልክ፣ የጠጁ አጣጣልና የጌሾው መጠን፣ ይህ ሁሉ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ትምህርት ነበር። እርግጥ በዶሮ ወጥ ጉዳይ የሸዋም፣ የጎጃምም፣ የወሎም ሰው ማንንም አለቃ አድርጎ እንደማይቀበል አውቃለሁ። በሲሬም ቢሆን ከጎረቤቷ ያነሰ ዶሮ እሠራለሁ የምትል ሴት አላጋጠመችኝም።

በሚያዝያ 1875 ዓ.ም. ጣይቱ በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን ሲያገቡ፣ ከራሳቸው ጋር አንድ የሰሜን ወጥ ቤት ወደ ሸዋ ወረደ ማለት ይቻላል። ምኒልክ በዚያን ጊዜ ግዛታቸውን ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ እያሰፉ ነበር። ከየአገሩ የሚመጣው ማር፣ ቅቤ፣ ከብት፣ ኮረሪማ፣ ቡናና እህል ወደ አንድ ግቢ ይጎርፍ ጀመር። ያን ሁሉ ተረክቦ፣ ለክቶ፣ አስቀምጦ፣ በሰዓቱ አብስሎ ማቅረብ የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም። ፈጪዎች፣ እንጀራ ጋጋሪዎች፣ ወጥ ሠሪዎች፣ ጠጅ ጣዮች፣ ውኃ ቀጂዎች፣ እንጨት ለቃሚዎች ነበሩበት። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹም በፈቃዳቸው ያልመጡ ነበሩ። ስማቸውን የጻፈ የለም። ከላያቸው የነበሩት ግን ሁሉንም በዓይናቸው የሚቆጣጠሩት ጣይቱ ነበሩ።

የግብሩን ሥርዓት ላላወቀ ሰው ጥቂት ልግለጽ። አዳራሹ ውስጥ ንጉሡ ከፍ ባለው መደባቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ሲበሉ ሌላ ሰው እንዳያያቸው መጋረጃ ይጣላል። መጋረጃው ሲከፈት መኳንንቱ በየማዕረጋቸው ይቀርባሉ። አጋፋሪው ያስገባል፤ አሳላፊው ያሳልፋል፤ ብርንዶው በአግዳሚ እንጨት ተንጠልጥሎ በተመጋቢዎቹ መካከል ይዞራል፤ ጠጁ በብርሌ ይቀዳል። የመጀመሪያው ዙር ሲነሣ ዝቅ ያለው ማዕረግ ይገባል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ተራው ወታደር ይደርሳል። ማን ከማን ቀድሞ እንደገባ፣ ማን ከየትኛው ሥጋ እንደደረሰው፣ ማን ብርሌ ማን ዋንጫ እንደያዘ የመንግሥቱ ሹመት ዝርዝር በዓይን የሚታይበት ነበር። ስለዚህ ወጥ ቤቱን የያዘ ሰው የመንግሥቱን አንድ እጀታ ይዟል። ጣይቱ ይህን ያውቁ ነበር፤ በኋላ ዘመን ጠላቶቻቸውም ያውቁት ነበር።

አሁን ወደ አገሬ ልመለስ። እኔ የሲሬ ልጅ ነኝ፤ የአርሲ ደጋ ወደ አዋሽ ሸለቆ ቁልቁል ከሚያይባቸው ቦታዎች አንዱ። በአባቴ ወገን ያሉት አያቶቼ ከሸዋ ጦር ጋር የመጡ ናቸው፤ በእናቴ ወገን ያሉት የአርሲ ኦሮሞ ናቸው። ራስ ዳርጌ የመሩት የሸዋ ጦር አርሲን ለማስገበር ዓመታት የፈጀ ውጊያ አድርጓል፤ በ1878 ዓ.ም. ማብቂያ በአዙሌ የተደረገው ጦርነት የመጨረሻውና እጅግ ከባዱ ነበር። የአርሲ ሰው በጦርና በፈረስ፣ የሸዋ ጦር በጠመንጃ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁለቱም የቤቴ ወገኖች በየፊናቸው ያወሩታል። በአባቴ ቤት የሚወራው ስለ ፈረስና ስለ ማዕረግ ነው። በእናቴ ቤት የሚወራው ስለ ከብት ነው። ስለ ተነዳ ከብት። የዘመኑ ጸሐፊዎችና የውጭ አገር መንገደኞችም ከአርሲ ዘመቻዎች ወደ ሸዋ የተነዳው ከብት ብዛቱ እጅግ እንደነበር መስክረዋል። ከዘመቻው በኋላ መሬቱ ተከፋፈለ፤ ባላገሩም ገባር ሆነ።

በ1879 ዓ.ም. ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍልውኃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1880 ዓ.ም. ገደማ፣ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ያደረጉት ድግስ በዘመኑ ታሪክ ውስጥ የገባ ነው። ድግሱ ቀናት የፈጀ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ከብትና በግ ታረደ። አሜሪካዊው የታሪክ ሊቅ ጄምስ ማካን ስለ አፍሪካ የምግብ ታሪክ በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ድግስ እንደ ትልቅ ምዕራፍ ያየዋል። የየአገሩ ምርት ባንድ ማዕድ ላይ ተሰብስቦ፣ ዛሬ «የኢትዮጵያ ምግብ» የምንለው ነገር ቅርጽ የያዘበት ወቅት ነው ባይ ነው።

ሐሳቡን አልቃወምም። ወጡና እንጀራው፣ ጥብሱና ክትፎው፣ ጠጁና ጠላው ባንድ መሶብ ዙሪያ የተገናኙት እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ መሆኑ እርግጥ ነው። ነገር ግን አዙሌ ከዚያ ድግስ በፊት ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። የትኛው በሬ ከየት እንደመጣ መለየት አይቻልም፤ በሬ በሆዱ ውስጥ ደረሰኝ ይዞ አይታረድም። ግብር የሚለው ቃል ለምን ሁለቱንም ትርጉም እንደያዘ ግን በዚያ ድግስ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። ማዕዱ ሰፊ የሆነው ከሰፊ አገር ስለተሰበሰበ ነው። በአባቴ ወገን ካሉት አያቶቼ አንዱ በዚያ አዳራሽ በስተመጨረሻው ዙር ገብቶ በልቶ ይሆናል፤ በእናቴ ወገን ካሉት ደግሞ አንዷ በባዶ በረት ደጃፍ ቆማ ይሆናል። እኔ የሁለቱም ነኝ።

ከድግሱ ጥቂት ቆይቶ ክፉ ቀን መጣ። በሰሜን በኩል ከገባ የውጭ ከብት የተነሣው የከብት እልቂት አገሩን ሁሉ አዳረሰ። በሬ አለቀ፤ የሚያርስ ጠፋ፤ ዝናቡም ከዳ፤ አንበጣና ተምች ተከተሉ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለውን ዘመን ሽማግሌዎች በስሙ አይጠሩትም፤ «ክፉ ቀን» ብቻ ይሉታል። ምኒልክ ሥጋ መብላት እንዳቆሙ፣ ሕዝቡም ያለ በሬ በዶማና በመጥረቢያ እንዲቆፍር ራሳቸው ቆፍረው እንዳሳዩ ተጽፏል። በ1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት፣ ጣይቱም «ብርሃን ዘኢትዮጵያ» ተብለው እቴጌ ሆነው በዚያችው በእንጦጦ ማርያም ሲነግሡ፣ አገሪቱ በረሀብ መካከል ነበረች። ሙያ የሚፈተነው ጎተራ ሙሉ ሲሆን አይደለም። ምን ያህል እህል ለስንት አፍ ስንት ቀን እንደሚበቃ የሚያሰላ ራስ ያኔ ነው የሚታወቀው።

ያ ስሌት ከስድስት ዓመት በኋላ በአድዋ ዘመቻ ጊዜ በሌላ መልክ ታየ። የዘመቻ ጦር ስንቁን በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ ብሎ ይዞ ይወጣል፤ የእኛ የአርሲ ጭኮም እንዲህ ላለው መንገድ የተፈጠረ ምግብ ነው፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ ወራት ይቆያል። ይሁን እንጂ ያን ሁሉ ሕዝብ ከሸዋ እስከ ትግራይ ያደረሱት ወፍጮ በጀርባቸው፣ ምጣድ በራሳቸው ይዘው የተጓዙት ሴቶች ናቸው። በጥር 1888 ዓ.ም. የጣልያን ጦር በመቀሌ ምሽግ ተዘግቶ ሳለ፣ ምንጩን ይዛችሁ ውኃ ከልክሉት የሚለው ምክር የእቴጌ ጣይቱ ነበር። ምሽጉም ያለ ውኃ መቆየት አቅቶት ተለቀቀ። የጦር ጸሐፊዎች ይህን የጦር ስልት ብለው ይመዘግቡታል። ለእኔ ግን የወጥ ቤት ሰው አስተሳሰብ ነው። ውኃ ቀጂ ያረፈደችበት ቤት ምሳ እንደማይደርስ የምታውቅ ሴት ናት እንዲህ የምታስበው።

ከአድዋ ድል በኋላ ዓለም ወደ አዲስ አበባ መጣ። የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝ፣ የጣልያን፣ የሩስያ መልእክተኞች ተቀመጡ። የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ነጋዴው፣ አዳኙ፣ መሐንዲሱ፣ ሐኪሙ፣ ጀብደኛውም አብሮ ጎረፈ። ከዚያ በፊት የነበረው ልማድ ድርጎ ነበር። የንጉሥ እንግዳ የሆነ ሰው ማደሪያ ይሰጠዋል፤ በየቀኑም እንጀራ፣ ወጥ፣ ጠጅ፣ ማር፣ አንዳንዴም በግና ሰንጋ በሹም እጅ ይላክለታል። ድርጎ የክብር ምልክት ነው፤ እንግዳው ገንዘብ ቢያወጣ ነውር ይሆናል። ግን ድርጎም ያው የግብር ልጅ ነው። መንገደኛው በገጠር ሲያልፍ ድርጎውን የሚያወጣው በመንገዱ ዳር ያለው ገበሬ ነበር። እንግዳው በቁጥር ሲሆን ክብር ነው፤ በመቶ ሲሆን ደግሞ ዕዳ ነው።

እቴጌ ጣይቱ ለዚህ ያገኙት መላ ሆቴል ነበር። ዛሬ በፒያሳ የሚታየው ባለ ሰገነት ሕንፃ በ1890ዎቹ መጨረሻ ተሠርቶ፣ በ1900 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራውን ጀመረ። «እቴጌ ሆቴል» ተባለ፤ በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል እየተባለ የሚጠራው እርሱ ነው። መኝታ አለው፤ ምግብ አለው፤ የተበላውም ይከፈላል። ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ናት አዲሷ።

በአፍ የሚነገረውና በመጻሕፍትም የገባው ታሪክ እንዲህ ይላል። ሆቴሉ ሲከፈት መኳንንቱ ተጋብዘው በሉ፤ ምግቡንም አደነቁ። ከዚህ በኋላ የሚበላው በገንዘብ ነው ሲባሉ ግን ደጃፉን የረገጠ ጠፋ። ለንጉሥ ማዕድ ገንዘብ መቁጠር ለእነርሱ የማይታሰብ ነበር፤ ከቤተ መንግሥት የሚበሉት የማዕረጋቸው ማረጋገጫ እንጂ የሚገዛ ዕቃ አልነበረማ። በዚህ ጊዜ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በሉ፤ ሲጨርሱም ከኪሳቸው ከፈሉ፤ ለሌሎቹም በተራቸው እንዲከፍሉ ነገሯቸው። ዝርዝሩ ከተራኪ ወደ ተራኪ ይለያያል። አንዱ ንጉሡ አንድ ቀን ብቻ ሄዱ ይላል፤ ሌላው ደጋግመው ይላል። ፍሬ ነገሩ ግን አንድ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የበላውና የከፈለው ሰው አንድ ሆኑ።

እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ የምኒልክን ቀልድና ብልሃት ከሚያዩት ሰዎች ጋር እስቃለሁ። ነገር ግን ወጥ ቤት ውስጥ ያሉትን ሴትዮ ነው የማስበው። እቴጌይቱ በእንጦጦ በሺህ የሚቆጠር ከብት አሳርደው ምንም ሒሳብ ያልጠየቁ ሰው ናቸው። ሃያ ዓመት ቆይተው አንድ ሳህን ወጥ ዋጋ አለው አሉ። ዋጋ ለማውጣት ሥጋው በስንት እንደተገዛ፣ ቅቤው፣ ሽንኩርቱ፣ እንጨቱ፣ የሠራተኛዋ ደመወዝ መታወቅ አለበት። በግብር ማዕድ ላይ እነዚህ ሁሉ ስም የላቸውም፤ በሒሳብ ላይ ግን እያንዳንዳቸው መስመር ያገኛሉ።

ዘመኑም የመስመር ዘመን እየሆነ ነበር። በየካቲት 1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ፤ ከዛሬው ስመ ሞክሼው ጋር እንዳይምታታ፤ ያኛው በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር የነበረና በእንግሊዞች የሚመራ ነበር። ሕዝቡ ግን ገና የሚያምነው ጠገራውን፣ የማርያ ትሬዛን ብር ነበር፤ በገጠር ደግሞ አሞሌ ጨው። የምኒልክ መልክ ያለበት ብርም ተቀባይነት ለማግኘት ይታገል ነበር። እቴጌይቱ ባንኩ በባዕድ እጅ መሆኑ አላስደሰታቸውም። በ1901 ዓ.ም. አካባቢ ለእርሻና ለንግድ ማስፋፊያ ተብሎ በተቋቋመው የአገር ውስጥ ማኅበር ውስጥ እጃቸው ነበረበት። እኛ የባንክ ሰዎች የሙያችንን ታሪክ ስናወራ ይህን ማኅበር ቶሎ አናነሣውም፤ ማንሣት ይገባን ነበር።

ሌላም ነገር በዚያው በ1900 ዓ.ም. ሆነ። ምኒልክ የእጅ ሙያተኞችን፣ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን፣ የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። ሥራን መናቅ አገርን ያደኸያል የሚል ነው መንፈሱ። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ ንጉሡ በአዋጅ ሙያተኛን ማክበር ሲያዝዙ፣ እቴጌይቱ ደግሞ ምግብ መሸጥን በሥራ አሳዩ።

የንቀቱ ዕድሜ ግን ከአዋጁ ዕድሜ በለጠ። «ኮማሪት» የሚለውን ቃል ያየ ሰው ይህን ይረዳል። በመሠረቱ ጠጅና መጠጥ ሻጭ ማለት ነው። ሲውል ሲያድር ግን ስድብ ሆነ። ጠላ ሻጭ፣ አረቄ ሻጭ፣ እንጀራ ሻጭ የሚባሉትም እንዲሁ ናቸው፤ የሙያ ስም መሆናቸው ቀርቶ የሴት ማዋረጃ ሆኑ። እንጀራ በቋንቋችን ራሱ የኑሮ ስም ነው። «የእንጀራ ጉዳይ ነው» ስንል የሕይወት ጉዳይ ነው ማለታችን ነው። እንጀራ መጋገር የሴት ወይዘሮ ሙያ ነው ብለን እናመሰግናለን። ያንኑ እንጀራ በገንዘብ ስትሸጠው ግን ድምፃችን ይለወጣል። እቴጌ ያደረጉት ሲሆን ሥልጣኔ፣ ባልቴት ያደረገችው ሲሆን ነውር።

በሲሬ፣ በኢተያ፣ በአሰላ፣ በበቆጂ ያደገ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። በእኛ አገር ምግብ የሚሸጥበት ቤት ሁሉ «ሆቴል» ይባላል። አልጋ ይኑረው አይኑረው ለውጥ የለውም። ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የቆርቆሮ ጠረጴዛ፣ ጓሮ ውስጥ የሚጨስ ማድቤት ካለው ሆቴል ነው። ይህ አነጋገር ከፒያሳው ሕንፃ የወረደ ይመስለኛል፤ የመጀመሪያው ሆቴል ምግብንም መኝታንም ስለያዘ፣ ስሙ ወደ ገጠር ሲወርድ አልጋውን በመንገድ ጥሎ ምግቡን ብቻ ይዞ ደረሰ።

አክስቴ እንዲህ ያለ ሆቴል ነበራት። በደርግ ዘመን ባሏ ሲሞት ከአራት ልጆች ጋር ቀረች። ምኑንም ምኑንም ሞክራ በመጨረሻ ከገበያው መግቢያ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራየች። ሽሮ፣ ምስር፣ ቅቅል፤ የገበያ ቀን ደግሞ ጥብስ። የአባቴ ወገን ዘመዶች ለሁለት ዓመት ያህል በበሯ አላለፉም። «የእነ እገሌ ዘር ወጥ ቀድታ ትሽጥ?» ነው ነገሩ። በአያቶቻቸው ጊዜ በሰው ከብት ግብር መብላት አላሳፈራቸውም፤ በራሷ ጉልበት የሠራችውን መሸጧ ግን አሳፈራቸው። በእናቴ በኩል ያሉት ይመጡ ነበር። ከገጠር በፈረስ የሚመጡት የአርሲ ሽማግሌዎችም ይመጡ ነበር፤ እትዬ ብለው ይጠሯታል፤ በሰላ አማርኛ ሳይሆን በኦሮምኛ ነበር የሚያወሯት፤ እርሷም በጥሩ ኦሮምኛ ትመልሳለች። ለእነርሱ ስትል በአንዳንድ የገበያ ቀን ማርቃ ታገነፋለች፤ ቅቤውን መሐሉ ላይ አጎድጉዳ ታፈስሰዋለች። ጎንደሬውም ሸዋዬውም ያልነገራት የራሷ የእናት ቤት ምግብ ነበር።

መጻፍ አትችልም ነበር። ዱቤዋን በማድቤቱ ግድግዳ ላይ በከሰል ትይዘዋለች፤ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ምልክት አለው። ለአስተማሪው ክብ፣ ለሾፌሩ መስቀል፣ ለወፍጮ ቤቱ ሰው ሁለት ሰረዝ። ግድግዳው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለዘመን መለወጫ ይለሰናል፤ ከዚያ በፊት ያልከፈለ ሰው ስሙ በአዲሱ ልስን ላይ አይዞርም። እምቢ ብላም አይደለም፤ «ይቅር ብያለሁ» ትላለች፤ ግን ያ ሰው ከዚያ በኋላ ሽሮ ሲያዝ በቅድሚያ ይከፍላል። በዩኒቨርሲቲ የሒሳብ አያያዝ ስማር፣ የማይሰበሰብ ዕዳ ከመዝገብ ይሰረዛል የሚለውን ሕግ መምህራችን ሲያብራራ፣ እኔ በዓይኔ የሚታየኝ ያ በጭቃ የተለሰነ ግድግዳ ነበር። ከዚያ ቤት ገቢ አራቱም ልጆቿ ተምረዋል። አንዷ ነርስ ናት። በበሯ ያላለፉት ዘመዶች በልጂቱ ምረቃ ላይ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር። አክስቴ ጓዳ ነበረች፤ ወጡን እያሰናዳች።

ዛሬ በምሠራበት ባንክ መስኮት የሚመጡትን ሳይ ብዙዎቹ የእርሷ ዓይነት ሴቶች ናቸው። ከሰዓት በኋላ፣ የምሳው ሰው ሲበተን ይመጣሉ። የሚያስገቡት ብር ቁጥሩ አነስተኛ፣ ብዛቱ ግን ትልቅ ነው፤ አሥር፣ ሃምሳ፣ መቶ። ብሩ የበርበሬና የጭስ ሽታ አለው፤ አንዳንዱ በዘይት ወዝቶ መቁጠሪያ ማሽኑ ይተፋዋል፤ በእጅ እንቆጥረዋለን። ብድር ሲጠይቁ ማስያዣ ይባላሉ። ቤታቸው የኪራይ ነው። ማስያዣቸው ሙያቸው ነው፤ ሙያ ደግሞ በቅጹ ላይ ቦታ የለውም። ይህን የማንም ቅጽ ጥፋት ነው ብዬ ልከስስ አይደለም፤ ብድር እንዲህ ነው የሚሠራው። ሥራው ምን ያህል የድካም ሥራ እንደሆነ ለመናገር ያህል ነው፤ በቀን አሥራ አምስት ሰዓት በምድጃ ፊት።

የአርሲ ደጋ ራሱ በመሐሉ ብዙ ተለውጧል። በ1960 ዓ.ም. መግቢያ የስዊድን መንግሥት የደገፈው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሰው ሁሉ በምህጻሩ «ካዱ» የሚለው፣ በአሰላ ሥራ ጀመረ። የተሻሻለ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ የወተት ላም መጣ። ትራክተሩም መጣ፤ ከትራክተሩ ጋር ባለ መሬቱ ጭሰኛውን ማስነሣት ጀመረ፤ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ። ያ የስንዴ ዘመን በየከተማው ዳቦ ቤትና ሻይ ቤት አበዛ። ሠራተኛው ከቤቱ ርቆ የሚውል ስለሆነ የሚበላበት ቤት ያስፈልገው ነበር። የእነ አክስቴ ሆቴሎች ደንበኛ ያገኙት ከዚህ ነው። ለመነሻ ያህል የእቴጌይቱን ስም ባነሣም፣ ያለ ደመወዝተኛ ሆቴል እንደማይኖር መርሳት የለብኝም።

እቴጌይቱ የሆቴላቸውን ፍሬ ለረጅም ጊዜ አላዩም። ምኒልክ ታመው ከአልጋ ሲውሉ፣ የመንግሥቱ ሥራ በእርሳቸው እጅ ገባ፤ ሹም ሽረት አደረጉ፤ መኳንንቱም ተማከሩባቸው። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ ተወገዱ፤ በሽተኛ ባላቸውን ከማስታመም በቀር ሥልጣን አጡ። ያን ምክር ከመከሩት ብዙዎቹ በእርሳቸው ማዕድ ላይ ለዓመታት የበሉ ሰዎች ነበሩ። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ጣይቱ ከግቢው ወጥተው ወደ እንጦጦ ተላኩ። የተቀመጡት በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ነው፤ ያን ሁሉ ከብት ባሳረዱባት፣ ዘውድም በተጫነላቸው በዚያችው ደብር። ከተራራው ላይ ሆነው ቁልቁል ያዩ የነበሩት ስሟን ራሳቸው ያወጡላትን ከተማ ነው። በየካቲት 1910 ዓ.ም. እዚያው አረፉ። በኋላ ዐፅማቸው ወርዶ በታዕካ ነገሥት በዓታ ቤተ ክርስቲያን ከባላቸው አጠገብ ተቀበረ።

ሆቴሉ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ፤ የውጭ አገር ሰዎች ተከራይተው ሠሩበት፤ በደርግ ጊዜ የመንግሥት ሆነ፤ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶበት ትልቅ ክፍሉ ተቃጠለ፤ በውስጡ የነበረው የጃዝ ቤትም አብሮ ጠፋ። ከዚያ ታደሰ። ከቃጠሎው በፊት በነበሩት ዓመታት የምሳ ሰዓት የጾም ምግብ በሰፊ ገበታ ይቀርብ ነበር፤ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ሽሮው፣ ድንቹ ተደርድሮ እያንዳንዱ ሰው የሚፈልገውን ያነሣል። አንድ ጊዜ ከአክስቴ ጋር አዲስ አበባ ለሕክምና በሄድን ጊዜ እዚያ ምሳ በላን። የጥንቱን የእንጨት ወለል፣ ከፍ ያለውን ጣሪያ አየች። ሽሮውን ቀመሰች። ዋጋውን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «ለዚህ ሽሮ?» አለችና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በርበሬው ገና አልበሰለም አለችኝ።